በከተሞቻችን ስም የተጠሩት ሰርጓጅ መርከቦች

ዛሬ የማወጋችሁ የባሕር ወግ ነው። ወጉ የሚነሣው ግን ባሕር ከማይታይባት ከሪቨርዴል ፓርክ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በኢስት ዌስት ሃይዌይ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ኮሌጅ ፓርክን ወደ ግራው ትቶ ይደርስባታል። የባቡር ሐዲድ መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ዛፍ የበዛባቸው መንደሮች አሉ፤ ከ200 ዓመት በላይ የቆመው የካልቨርት ቤተሰብ ትልቅ ቤትም እዚያው ነው። ጸጥ ያለች ከተማ ናት። የጦርነት ወሬ ከእሷ ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን እዚህች ከተማ ውስጥ ኤርኮ የሚባል ፋብሪካ ነበር። ያቋቋመው ሄንሪ በርሊነር ይባላል፤ ግራሞፎንን የፈለሰፈው የኤሚል በርሊነር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው ይህ ኩባንያ ስሙ የታወቀው ፍሬድ ዊክ በነደፈለት፣ ሁለት ሰው በምትይዝ፣ ኤርኩፕ በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሥራው ተለወጠ። ለአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች የሚገጠም፣ ተኳሹ ውስጡ ገብቶ የሚቀመጥበት፣ ወደ ፈለገበት የሚያዞረው ክብ የመትረየስ ቤት መሥራት ጀመረ።

ለምን መሰላችሁ? የዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መቆየት አይችልም። ባትሪውን ለመሙላት የናፍጣ ሞተሩን ማስነሣት አለበት፤ ሞተሩ አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ የግድ ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1943 የጀርመን ሰርጓጆች አውሮፕላን ሲመጣባቸው ከመጥለቅ ይልቅ ውሃው ላይ ሆነው እንዲታኮሱ ታዘዙ። አውሮፕላኑ ደግሞ ቦምቡን ለመጣል ዝቅ ብሎ፣ ፊት ለፊት ገብቶ በላያቸው ማለፍ አለበት። አፍንጫው ላይ የተቀመጠው ተኳሽ ቀድሞ ካልተኮሰ ሰዎቹ ያለቀላቸው ናቸው። ሊበሬተር በሚባለው ባለ አራት ሞተር የባሕር ኃይል አውሮፕላን አፍንጫ ላይ፣ ሁለት ከባድ መትረየስ ይዞ የሚዞረው ያ ክብ ቤት የሪቨርዴል ሥራ ነበር። አውሮፕላኖቹ የሚበሩት ስንዴ፣ ነዳጅና ጥይት የጫኑ የንግድ መርከቦች ወደብ እንዲደርሱ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ባሕር የሌላት ይህች ከተማ በመርከቦች ጥበቃ እንዲህ ያለ ድርሻ ካላት፣ በዚያው ጦርነት አገሯን ያስመለሰችው ኢትዮጵያስ? የእኛ የነጻነት ተጋድሎ ሲነገር ተራራ አለ፣ ዋሻ አለ፣ ፈረስና በቅሎ አለ። ባሕሩ የት ገባ?

ባሕሩማ አለ። የሚያወጋው ጠፍቶ ነው። ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር እነግራችኋለሁ፤ የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ያን ቀን ምጽዋ ወደብ ላይ ስምንት የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩ። ሰባት አውዳሚ መርከቦችም ነበሩ። እንግዲህ ካርታውን በሐሳባችሁ ዘርጉት። የሜዲትራኒያን መንገድ ለንግድ መርከብ የሞት መንገድ ሆነ። ግብፅ ላይ ላለው የእንግሊዝ ጦር የሚሄደው ሰውና ዕቃ በሙሉ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞሮ፣ ወይም ከሕንድ ተነሥቶ፣ በባብ ኤል መንደብ በር ገብቶ ቀይ ባሕርን ሽቅብ መውጣት ግድ ሆነበት። ያ መንገድ ደግሞ በምጽዋ ደጃፍ ያልፋል። ሱዳን ላይ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥቂት ነው፤ አለኝታው የፖርት ሱዳን ወደብ ነው። ምጽዋ ያሉት ሰርጓጆች ያንን ባሕር ቢዘጉ ኖሮ ሱዳን ትራባለች፤ ሱዳን ከተራበች ደግሞ የኢትዮጵያ አርበኛ የሚጠብቀው ጠመንጃና ጥይት አይመጣም።

ስለዚህ የንግድ መርከቦቹ በአጀብ መጓዝ ጀመሩ። የድሮ ሲራራ ነጋዴ ሽፍታ ያለበትን በረሃ ለማለፍ ተጠባብቆ፣ ነጋድራሱን አስቀድሞ፣ ጠመንጃ ያዡን ዳርና ዳር አሰልፎ እንደሚጓዘው ማለት ነው። ሃያና ሠላሳ መርከብ በመደዳ ይሰለፋል። መብራት ይጠፋል። የሁሉም ፍጥነት በቀርፋፋዋ መርከብ ልክ ይሆናል። አጃቢዎቹ የጦር መርከቦች ፊትና ጎን ሆነው ከሆዳቸው ሥር ድምፅ ወደ ውሃው ይለቃሉ፤ ድምፁ ብረት ነክቶ ሲመለስ አንድ ባሕረኛ ጆሮው ላይ በደፈነው ማዳመጫ ይሰማዋል። ያኔ ፈንጂ የታጨቀበት በርሜል፣ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚፈነዳ ተለክቶ፣ ወደ ባሕር ይንከባለላል። አጃቢው ሰርጓጁን ባይገድለው እንኳ አንገቱን አስደፍቶ ካቆየው ሥራውን ሠርቷል። ሰርጓጅ ከጠለቀ በኋላ አዝጋሚ ነው፤ አጀቡም አምልጦት ይሄዳል።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ፤ ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ወቅት 17 እህትማማች ሰርጓጅ መርከቦችን አሠርታ ነበር። የመጀመሪያዋን አድዋ አለቻት፤ የሁሉም የቤተሰብ ስም አድዋ ሆነ። የቀሩትን ስሙልኝ፦ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ አራዳም፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ። ከቀሩት ጥቂቶች አብዛኞቹ በኤርትራና በሶማሊያ ቦታዎች ስም የተጠሩ ናቸው። በመርዝ ጋዝ የነደደውን ተምቤንን፣ ሠራዊታችን ያለቀበትን አሸንጌን፣ የራስ ሙሉጌታ ጦር የተፈታበትን አራዳምን ብረት ላይ ቀርጸው ወደ ባሕር ሰደዷቸው። የአድዋን ስም ደግሞ አርባ ዓመት የቆየ ቂም ተወጣን ብለው ነው የጻፉት። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ሊያውቀው ግን ይገባል።

ከእነዚህ አንዷ፣ መቀሌ፣ ምጽዋ ነበረች። ጦርነቱ እንደታወጀ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ተላከች። ሰርጓጆቹ ሙቀቱን እንዲችሉ የተገጠመላቸው ማቀዝቀዣ ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ የሚሠራ ነበር። ጋዙ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲያፈስ አይታወቅም። የሰውን አእምሮ ያናውጣል፤ ሰውየው ይቃዣል፣ ይስቃል፣ ያብዳል። መቀሌ ውስጥ ጋዙ አፈሰሰ። የት እንዳሉ እንኳ ለይተው ማወቅ ያቃታቸው ባሕረኞች ሰኔ 8 ቀን ከሱዳን ጠረፍ ማዶ ባለች ባር ሙሳ ከቢር በምትባል ጠፍ ደሴት ቋጥኝ ላይ መርከቧን ጫኗት። ሰዎቹ ወደ ደሴቲቱ ወረዱ፤ መርከቧ ተንሸራታ ሰጠመች። አንድ ወጣት ባሕረኛ እዚያው ሞቶ ተቀበረ፤ የቀሩትን ከሳምንት በኋላ ጉሊየልሞቲ የምትባለው ሰርጓጅ መጥታ አነሣቻቸው። ከስምንቱ መጀመሪያ የጠፋችው የመቀሌን ስም የተሸከመችው ሆነች። እነዚያ ልጆች በማያውቁት አገር ስም ተጠርተው፣ በማያውቁት ደሴት ላይ በጥም ተቃጠሉ። ሐዘኔን ከእነሱ አልነፍግም፤ ጥፋቱ የላኳቸው ሰዎች ነው።

በማግስቱ ሰኔ 9 ቀን ጋሊሌዮ ጋሊሌይ የምትባለው ሰርጓጅ ከኤደን ደቡብ ጄምስ ስቶቭ የሚባል የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰጠመች። የጫነው የአውሮፕላን ነዳጅ ነበር። ብቻውን፣ ያለ አጃቢ ይጓዝ ነበር። ጋሊሌይ እዚያው አካባቢ ቆየች፤ በሁለተኛው ቀን አንዲት የዩጎዝላቪያ መርከብ በመድፍ አስቁማ፣ ገለልተኛ መሆኗን አይታ ለቀቀቻት። ያ ተኩስ ግን የት እንዳለች አስታወቀባት።

ሰኔ 12 ቀን፣ አገራችን ሚካኤልን በሚያነግሥበት ዕለት፣ ሙንስቶን የምትባል ትንሽ መርከብ ደረሰችባት። ሙንስቶን የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነበረች፤ ጦርነት ሲመጣ አንድ መድፍና ጥቂት መትረየስ ተገጥሞላት አጃቢ ሆነች። ጋሊሌይ ሁለት መድፍና በውሃ ሥር ተስፈንጥሮ መርከብ የሚመታ ቶርፒዶ የታጠቀች፣ በግዙፍነትም የምትበልጣት ናት። የሙንስቶን አዳማጭ ከውሃው ሥር የብረት ድምፅ ሰማ፤ በርሜሎቹ ወረዱ። ሰርጓጇ ተናወጠችና ወደ ላይ ወጣች። አዛዡ ኮራዶ ናርዲ ይህችን የዓሣ ጀልባ በመድፍ እጨርሳታለሁ ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ሙንስቶን ግን አልሸሸችም። ገሥግሣ ቀረበች፤ በቀረበች ቁጥር መትረየሷ የጋሊሌይን መድፈኞች ከመድፋቸው አራቀ፤ የመድፏ ጥይት የሰርጓጇን ማማ መትቶ ናርዲንና መኮንኖቹን ገደለ። ጋሊሌይ እጇን ሰጠች። ካንዳሃር የሚባለው የእንግሊዝ አውዳሚ መርከብ ደርሶ ወደ ኤደን ወሰዳት።

ከምርኮው ሁሉ የከበደው ወረቀት ነበር። እንግሊዞች ሰርጓጇ ውስጥ ያገኙት የትእዛዝ ሰነድ የሌሎቹን አድፍጠው የሚጠብቁበትን ቦታ ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀን ቆጥራችሁ ተከተሉ። ሰኔ 16 ቀን ቶሪቼሊ በባብ ኤል መንደብ ፔሪም ደሴት አጠገብ በሦስት አውዳሚ መርከቦችና በአንዲት አጃቢ ተከበበች። መጥለቅ ስላልቻለች በአንድ መድፍ አራቱንም ገጠመቻቸው። ውጊያው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። አዛዧ ሳልቫቶሬ ፔሎሲ መርከቧን ራሱ አሰጠማት፤ የማረኩት እንግሊዞች በክብር ተቀበሉት። ከእንግሊዞቹ አንዱ፣ ካርቱም የሚባለው አውዳሚ መርከብ፣ በዚያው ዕለት የቶርፒዶው የአየር ጋን ፈንድቶ እሳት ተነሣበትና ከጥቅም ውጭ ሆነ። በነጋታው ሰኔ 17 ፋልማውዝ የምትባለው አጃቢ ጋልቫኒን በኦማን ባሕረ ሰላጤ አግኝታ አሰጠመቻት። ፔርላ የምትባለውም በዚያው መርዘኛ ጋዝ ሰዎቿ ታመው ባሕር ዳር ተቀርቅራ ከቆየች በኋላ ወደ ምጽዋ ተጎተተች።

ስምንት የነበሩት በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ቀሩ። በእነዚያው የሰኔ አጋማሽ ቀናት ነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ከነበሩባት ከእንግሊዝ አገር ባሕር ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ተነሥተው እስክንድርያ የደረሱት፤ ከዚያም ወደ ሱዳን የቀጠሉት። ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ተቀምጠው የሚጠብቁት መሣሪያ የሚመጣበት ባሕር በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ተጠረገ ብል አላጋነንኩም።

ጳጉሜን 1 ቀን 1932 ጉሊየልሞቲ አትላስ የሚባል የግሪክ ነዳጅ ጫኝ መርከብ መታች። አትላስ ከአጀብ ጋር ነበር፤ ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የተመታው። አንድ ላይ የተጓዙት ደረሱ፤ የቀረው ተበላ። አጀብ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ክረምቱ ሲያልቅ 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር በዚሁ ባሕር ተጉዞ ፖርት ሱዳን ወረደ። ጣሊያኖች በሰርጓጅ ያልሆነላቸውን በአውዳሚ መርከብ ሊሞክሩ ተነሡ። ጥቅምት 10 ለ11 አጥቢያ 1933፣ 32 መርከቦች ያሉበት አጀብ ወደ ሰሜን ሲጓዝ በሌሊት ወጡበት። አጃቢዎቹ የኒውዚላንዷ ሊያንደር፣ የእንግሊዟ ኪምበርሊ፣ የአውስትራሊያዋ ያራ፣ የሕንዷ ኢንደስና ሌሎችም ነበሩ። በጨለማ ተታኮሱ። ጣሊያኖቹ ሸሹ፤ ኑሎ የምትባለው የማዞሪያ መሪዋ አልታዘዝ ብሎ ወደ ኋላ ቀረች። ሲነጋ ኪምበርሊ ከምጽዋ ማዶ ሐርሚል ደሴት አጠገብ ደርሳባት ጨረሰቻት፤ አዛዧ ኮስታንቲኖ ቦርሲኒ ከመርከቡ አልወርድም ብሎ አብሮ ሰጠመ። ኪምበርሊም ደሴቲቱ ላይ ከነበረ መድፍ ተመትታ ቆመች፤ ሊያንደር ጎትታ አወጣቻት። ከ32ቱ የንግድ መርከቦች ግን አንድም አልሰጠመም።

የእነዚያን የንግድ መርከቦች ሠራተኞች አስቡልኝ። ከእሳት ማንደጃው ክፍል ታች፣ ከባሕር ወለል በታች፣ ከሰል በአካፋ የሚዝቁ ሕንዶች፣ የመናውያንና ሶማሌዎች ነበሩ። ቶርፒዶ ከመጣ መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ሐውልት ማቆም ቢያቅተን ታሪካቸውን መናገር እንዴት ያቅተናል?

ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከአንድ ቀን በፊት፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከግሪክ ደሴቶች አጠገብ ስለሆነው ግን የሰማ ጥቂት ነው። ነገሌ የምትባለው ሰርጓጅ በአጀብ የምትጓዝ አንዲት የንግድ መርከብ በቶርፒዶ መታች፤ አጃቢው ግሬይሃውንድ ተከታትሎ ከነሰዎቿ አሰጠማት። የእኛ ሰዎች ታቦት በሚያጅቡበት ዕለት፣ የነገሌን ስም የዘረፈችው መርከብ ወደ ባሕር ወለል ወረደች። ጎንደር ቀድማታለች። መስከረም 20 ቀን 1933 የሰው ነጂ ያላቸውን ቶርፒዶዎች ጭና እስክንድርያ ወደብን ልታጠቃ ስትሄድ ስቱዋርት የምትባል የአውስትራሊያ መርከብ አገኘቻት። ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 20 ቀን 1934፣ አድዋ ራሷ ወደ ማልታ አጀብ አድርሰው የሚመለሱ የጦር መርከቦችን ልትመታ አድፍጣ ሳለ ጉርካ እና ሊጅን በተባሉ አጃቢዎች እጅ ወደቀች። አንድ ሰው አልተረፈም።

ሚዛን ለመጠበቅ የአክሱምንም ልንገራችሁ። ነሐሴ 6 ቀን 1934 አሥራ አራት የንግድ መርከቦች በብርቱ አጀብ ወደ ማልታ ሲሄዱ አክሱም አራት ቶርፒዶ በአንድ ጊዜ ለቀቀች። ካይሮ የሚባለው የጦር መርከብ ጠፋ፣ ናይጄሪያ የሚባለው ቆሰለ፣ ኦሃዮ የሚባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጎኑ ተቀደደ። በዚያ ጦርነት ይህን ያህል ጉዳት በአንድ ተኩስ ያደረሰ ሰርጓጅ ጥቂት ነው። ከአሥራ አራቱ ማልታ የደረሱት አምስት ብቻ ናቸው። ኦሃዮ ግን አልሰጠመም፤ ሁለት አውዳሚ መርከቦች ግራና ቀኝ ደግፈው፣ በገመድ አስረው፣ ወደቡ አገቡት፤ የተራበችው ደሴት ነዳጁን አገኘች። አጃቢነት ማለት ለእኔ ያ ነው። ደሴም በኅዳር 1935 በአውዳሚ መርከቦች ተመታች። ከ17ቱ ጦርነቱ ሲያልቅ የተረፈችው አላጌ ብቻ ናት።

ወደ ምጽዋ ልመለስ። ከረን መጋቢት 18 ቀን 1933 ስትወድቅ ምጽዋ ቀኗ ቀረበ። የተረፉት አራት ሰርጓጆች አስቀድመው አምልጠው ነበር፤ ትንሿ ፔርላ ጭምር አፍሪካን ዞረው በጀርመን መርከቦች ነዳጅ እየተረዱ ፈረንሳይ ቦርዶ ደረሱ። አውዳሚ መርከቦቹ ፖርት ሱዳንን ሊያጠቁ ወጥተው ከዚያ በተነሡ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ተመቱ። የቀሩትን መርከቦች ጣሊያኖች ራሳቸው ወደቡ ውስጥ አሰጠሟቸው። መጋቢት 30 ምጽዋ ተያዘች። ከዚያ በቀናት ውስጥ እዚህ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርን ከጦር ቀጠና ዝርዝር አወጡት፤ በሕግ ታግደው የነበሩ የአሜሪካ የንግድ መርከቦች እስከ ስዊዝ መሄድ ቻሉ። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በዓመቱ ምጽዋ መጥቶ፣ በዚያ ሙቀት፣ የሰመጡትን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎች በተጨመቀ አየር ከባሕር ወለል አነሣቸው።

ያመለጡት አራቱስ? ፌራሪስ በአትላንቲክ አጀብ ላይ ስታደባ በአውሮፕላንና በአጃቢ መርከብ ጠፋች። ፔርላን አንዲት ትንሽ አጃቢ ማረከቻት። ጉሊየልሞቲ በእንግሊዝ ሰርጓጅ ተመታች። አርኪሜዴ ደግሞ ብራዚል ማዶ ሚያዝያ 7 ቀን 1935 በአሜሪካ ባሕር ኃይል ካታሊና አውሮፕላኖች ሰጠመች፤ ከሰዎቿ አንድ ብቻ ተረፈ። ከምጽዋ ካመለጡት የመጨረሻዋ የጠፋችው በእንዲህ ያሉ አሳሽ አውሮፕላኖች እጅ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ምክንያቱም ወጉ ከዚህ ወደ እኛው ይመለሳል።

በዚያው ጦርነት ኦርካ የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። ሥራዋ ባሕር ላይ ለሚያርፉ አሳሽ አውሮፕላኖች እናት መሆን ነው፤ ነዳጅ ታጠጣለች፣ ትጠግናለች፣ ሠራተኞቹን ታሳድራለች። በፊሊፒንስ ውሃ አገለገለች። በጥር 1954 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ስሟም ኢትዮጵያ ተባለ። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ሆና በምጽዋ ቆመች፤ የባሕር ትምህርት ቤት ተማሪዎችም በእሷ ሠለጠኑ። ካሠለጠኗቸው ውስጥ የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ፤ ጄምስ ስቶቭን በዚሁ ባሕር መግቢያ ላይ ያጣች አገር ልጆች። የመቀሌንና የአድዋን ስም ለፎከራ ብረት ላይ የጻፉት ሰዎች በሰፈሩበት ወደብ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ የአገራችን ስም በአገራችን ልጆች እጅ በመርከብ ጎን ላይ ተጻፈ። በ1983 መርከቧ ወደ የመን ሸሸች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕረኞቿም ተበተኑ።

እንግዲህ ይህን ወግ ያመጣሁት ለዚህ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ እዚሁ ሪቨርዴል ፓርክ አካባቢ የምትኖሩ የቀድሞ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባላት ካላችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉ፤ መጻፍ ያቃተው ለልጁ ይናገርና ልጁ ይቅረጽ። ምጽዋ ወደብ ውስጥ የሰመጡትን የጣሊያን መርከቦች ስብራት ያያችሁ፣ በኢትዮጵያ መርከብ ተሳፍራችሁ ሐርሚልን ያለፋችሁ ሰዎች እናንተ ናችሁ። የሚያዝያ 27ን በዓል ስናከብር ከአርበኞቻችን ስም ቀጥሎ የቀይ ባሕር አጃቢዎችና ከሰል ዛቂዎች ይታወሱ። ልጆቻችሁንም አድዋ ስንት ጊዜ እንደተዋጋች ጠይቋቸው፤ ካላወቁ ንገሯቸው።